ያማረው የሙቀት ጌጅ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ አንድ ጌጅ፣ ማለትም የመኪና ዳሽቦርድ መለኪያ፣ መክፈት ነበር። አንድ ብቻ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተሰጠኝ፤ ከምሳ በኋላም እሱኑ ይዤ ነበር። መስታወቱን የያዘው የብረት ቀለበት ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ ተጨፍልቋል። ያንን እጥፋት በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ዙሪያውን እየዞሩ፣ ትንሽ በትንሽ ማንሳት ነው። እኔ ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ቸኮልኩና ፈነቀልኩት። ቀለበቱ ተጣመመ፣ መስታወቱም ተሰነጠቀ።

ኦም ሄኒ መጥተው አዩት። አልተቆጡም። ከመሳቢያ ሌላ ጌጅ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡና «ድጋሚ» አሉኝ።

«ኦም» እዚህ አገር አፍሪካንስ ተናጋሪዎች ትልቅ ሰው የሚጠሩበት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ኦም ሄኒ ዕድሜያቸውን በወርቅ ማዕድን ውስጥ የግፊትና የሙቀት መለኪያ ሲጠግኑ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ቤኖኒ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የአሮጌ መኪና ዳሽቦርድ መሥራት ጀመሩ። እኔን ያገኙኝ በግድግዳ ሰዓት ምክንያት ነው።

ያኔ ዳቬይተን ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት በአጎቴ ልጅ በደሳለኝ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ከሽቦው ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ መሸጥ ለእኔ እስር ቤት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ማረፍ አልችልም፤ ቁጭ ብል እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ብቆም እጄ የሚነካካው ይፈልጋል። ሆሳዕና ሳለሁ የሰዓት ጠጋኝ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የቆመ የግድግዳ ሰዓት ይዛ ስታልፍ አየሁና በአገሯ ሰላምታ «ሳውቦና እማማ፣ እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፍቼ አስነሳሁላት። ለካ ኦም ሄኒ ቤት ነው የምትሠራው። በሳምንቱ «ና ይሉሃል» የሚል መልእክት ይዛ መጣች።

ደሳለኝ ሳቀብኝ። «ሂድ፣ ሂድ! ጉንዳን የወረረው ሰው ሱቅ አይጠብቅም። ግን እዚያም ወር ከቆየህ ከምላሴ ጠጉር ይነቀል» አለ። አምስት ዓመት ቆየሁ። ጠጉሩን እስካሁን አልነቀለልኝም።

ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ስነግረው ይስቃል። ሆት ሮድ የሚሏት መኪና አለች። የድሮ፣ የአያቶቻችን ዘመን መኪና ነች። ጣሪያዋን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፣ የጎማ መሸፈኛዋን ያወልቃሉ፣ ከፊት ትልቅ ሞተር ገልጠው ያስቀምጡባታል። ባለቤቶቿ አንድ ሕግ አላቸው፤ ሁሉ ነገሯ የዚያን ዘመን መምሰል አለበት። እውነተኛ የዘመኑ ጌጅ ግን አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ከመለዋወጫ ሱቅ ርካሹን ይገዙና ለእኛ ያመጡታል። ጥቁር ፊት፣ ብርቱካንማ የፕላስቲክ መርፌ፣ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ መብራት። ይህን ነው እንግዲህ ሽማግሌ የምናደርገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለበቱን ትከፍታለህ። ፕላስቲክ መስታወቱን ጥለህ ከአሮጌ የደወል ሰዓት ጎበጥ ያለ እውነተኛ መስታወት ትገጥምለታለህ። ሰማያዊውን መብራት አውጥተህ ቢጫ የምትበራ ትንሽ አምፖል ታስገባለህ። የቀለበቱን ማብለጭለጫ በአሸዋ ወረቀት ትገፍፍና በአቼቶና ጨው የራሰ ጨርቅ ትጠቀልለዋለህ፤ ጠዋት ስትፈታው ደብዘዝ ብሎ ታገኘዋለህ። መርፌውን ሞርደህ ታቀጥነውና ጥቁር ትቀባዋለህ። ከዚያ ፊቱ አለ። ፊቱን የወተት ቅቤ ቀለም ቀብተህ ቁጥሮቹን በአምስት ጠጉር ብሩሽ በእጅህ ትጽፋለህ። ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ያው ርካሹ ዕቃ ነው።

ፊት መጻፍ ላይ እኔ ነኝ ያለ ሰው አይደርስብኝም። ይህን ስል አላፍርም። ከሰዓት ጥገና የመጣ እጅ ነው።

ኦም ሄኒ ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የወጣው ዋና ፊት አይጣልም፤ የደንበኛው ስም ተጽፎበት ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው ድስቱ ነው። ማንኛውም የሙቀት ጌጅ ከመውጣቱ በፊት ሙቀቱን የሚያነበው ሴንሰሩ ውሃ በተሞላ ድስት ይነከራል፣ ጌጁ ከባትሪ ይያያዛል፣ ምድጃው በትንሹ ይለኮሳል። ከማዕድን ያመጡት ረጅም የመስታወት ቴርሞሜትር ድስቱ ውስጥ ይቆማል። በየአሥር ዲግሪው መርፌው የቆመበትን በእርሳስ ምልክት ማድረግ ነው። ቁጥር የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

«የፈላ ውሃ መቶ ነው የምትል ከሆነ ወደ ሱቅህ ተመለስ» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። ጆሃንስበርግ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ዘጠና አምስት ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ከዚያ በላይ ያለውን በዘይት ነው የምንለካው። እኔም ሆሳዕና ከዚህም በላይ ከፍታ ላይ ያደግኩ ሰው፣ ስንት ዓመት ሽሮ ሲፈላ እያየሁ፣ ይህን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ድስቱን እጠላው ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ውሃ ሲሞቅ ማየት! እየተነሳሁ እዞራለሁ፣ መሣሪያ እደረድራለሁ፣ ተመልሼ ስመጣ ሰባው አልፎኛል። ኦም ሄኒም «አቀዝቅዘህ ድጋሚ» ይሉኛል። ንዴቴን ለማን ልንገር።

በአራተኛው ዓመት አንክል ክላይቭ መጡ። ከኤልዶራዶ ፓርክ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ መካኒክ። እዚያ ሰፈር ትልቅ ሰው አንክል ነው የሚባለው። ከታናሽ ወንድማቸው ከሬጂ ጋር ብዙ ዓመት አንዲት ሆት ሮድ ሲሠሩ ቆይተዋል። ሞተሩን ከወዳደቀ ብረት መሃል አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ያስተካከለው ሬጂ ነው። ዳሽቦርዱ ሲቀር ሬጂ ሞተ።

አንክል ክላይቭ አራት ርካሽ ጌጅና አንዲት ጠርዟ የተበላ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው ነበር። የአንድ አሮጌ መኪና ዳሽቦርድ ፎቶ ነው። «ይህን ሬጂ ነው ጋራዡ ግድግዳ ላይ የለጠፈው። ‹ስንጨርስ እንዲህ ነው የሚሆነው› ይለኝ ነበር» አሉ። ጌጆቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጓቸው። «እውነተኛውን መግዛት አልችልም። ይህን አድርግልኝ፣ ልጄ።»

ልጄ ሲሉኝ ጌጆቹን ሳልከራከር ተቀበልኳቸው። ከአባቴ ሞት በኋላ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ለቅዳሜ ነው የሚፈልጓቸው። ሃርትቢስፖርት ግድብ አጠገብ የሆት ሮድ ባለቤቶች ይሰበሰባሉ፤ መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰፈር ወጥታ ሰው ፊት የምትቀርበው እዚያ ነው። ኦም ሄኒ በዚያ ሳምንት የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ ሐኪም ቤት ገቡ። ቆርቆሮ ቤቱን ለእኔ ጥለውልኝ ሄዱ።

የሠራሁትን ብታዩት! ዘይቱን፣ ነዳጁን፣ ባትሪውን ጨረስኩ፤ ሦስቱንም በደንብ ፈተንኩ። የሙቀቱ መጨረሻ ቀረ። ሐሙስ ከሰዓት ሊወስዱ ይመጣሉ። ፎቶውን በአጉሊ መነጽር እያየሁ ፊቱን ጻፍኩት፤ አርባ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ፣ መቶ ሃያ። ፎቶው ላይ በቁጥሮቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው፣ እኔም እኩል አደረግኩት። ሰማንያው ልክ አናቱ ላይ ቆመ። ቀለሙ ሲደርቅ ራሴ ደነገጥኩ፤ እንደዚያ ያማረ ፊት ጽፌ አላውቅም።

ድስቱ ምድጃው ላይ ነበር። አየሁት። ሰዓቴንም አየሁ። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሴንሰሩን ሻይ ኩባያዬ ውስጥ ነከርኩት። መርፌው ከፍ አለ። «ይሠራል» አልኩና ዘጋሁት።

አንክል ክላይቭ መጥተው ሲያዩት ብዙ ቆዩ። የሙቀቱን ጌጅ አንስተው ከፎቶው አጠገብ ያዙት። «ሬጂ፣ እየው» አሉ በቀስታ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ። ደረቴ ተነፋ። ማታ ለደሳለኝ ደውዬ አውርቼ አልጠገብኩም።

ቅዳሜ ጠዋት ኦም ሄኒ ጥቁር መነጽር አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ አልነበረም፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ጠረጴዛውን አጸዳሁ፣ ሞረዶቹን ደረደርኩ፣ ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ማስተካከል ጀመርኩ። የአንክል ክላይቭ የሙቀት ጌጅ ዋና ፊት፣ ያ አስቀያሚው ጥቁር፣ ከላይ ነበር። ለጨዋታ ያህል የእኔን ፊት በነደፍኩበት ስስ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት።

ክው አልኩ። በጥቁሩ ፊት ላይ አርባ፣ ስልሳና ሰማንያ ግራ ዳር ተጨናንቀዋል። አናቱ ላይ፣ እኔ ሰማንያ የጻፍኩበት ቦታ ላይ፣ መቶ ነው የተጻፈው። ርካሹ ጌጅ መርፌው እኩል እየረገጠ አይሄድም፤ መጀመሪያ ይጎተታል፣ በኋላ ይሮጣል። ድስቱ ይህን በአንድ ሰዓት ይነግረኝ ነበር። አንክል ክላይቭ ሰማንያ ነው ብለው ሲነዱ ሞተሩ መቶ ደርሷል። እነዚያ አሮጌ ሞተሮች ደግሞ ሙቀት አይችሉም፤ ብረታቸው ይሰነጠቃል።

ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። አሁንም ደወልኩ። የዚያች መኪና ሞተር ጩኸት ስልክ አያሰማም።

ኦም ሄኒ ፊት ቆምኩ። ሽቦው፣ ዳቦው፣ ያ ባንኮኒ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። «ኦም፣ የአንክል ክላይቭ የሙቀት ጌጅ ተሳስቷል።»

«ድስት ገብቷል?»

«አልገባም።»

ከወንበራቸው ተነሱ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «ባኪውን አንተ ንዳ፤ እኔ አላይም» አሉኝ።

ከቤኖኒ ወጥተን ፒክአፑን በአውራ ጎዳናው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግድቡ መንገድ፣ ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ መሪውን በጣቴ እየመታሁ፣ መሥመር እየቀያየርኩ ነበር። ኦም ሄኒ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «ብትገለብጠን ጌጁ አይስተካከልም» አሉ። ፍጥነቴን ቀነስኩ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ለሞተር ክፉ ቀን ነው።

ዛንድስፕሩት ስንደርስ እንፋሎቱን ከሩቅ አየሁት። መኪናዋ ከአንዲት ስፓዛ ፊት ለፊት ቆማለች። የሱቁ ባለቤት የውሃ ጀሪካን ይዞ ቆሟል፤ አንክል ክላይቭ እጃቸውን ዘርግተው እንዳይደፋ ይከለክሉታል። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። ባለሱቁ መልኬን ሲያይ የአገሩ ልጅ መሆኔን አወቀ።

«ወንድሜ፣ መኪናዋ ያንተ ናት?» አለኝ በአማርኛ።

«አይደለችም። ጥፋቱ ነው የእኔ» አልኩት።

በአማርኛ ማለቱ ቀላል ነበር። ከዚያ ወደ አንክል ክላይቭ ዞርኩ።

እሳቸው ግን ራሳቸውን ይረግሙ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ሄኒ! የራዲያተሩን ቧንቧ በደንብ አላጠበቅኩትም ይሆናል። ሬጂ ቢኖር እንዲህ አይሆንም ነበር። ሞተሩን በአንድ ቀን ገደልኩበት» ይላሉ። ኦም ሄኒ በጥቁሩ መነጽር ወደ እኔ ዞሩ። አልረዱኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቆሜ እግሬን አፈራርቃለሁ።

«አንክል፣ ቧንቧው አይደለም» አልኩ። «ጌጁ ነው። ሳልፈትን ነው የሰጠሁዎት። ሰማንያ ሲል መቶ ነበር።»

ሄደው ዳሽቦርዱን አዩ። ያ ያማረው መርፌ ገና ዘጠና አልደረሰም። ሞተሩ ሲንጣጣ ይሰማል።

«አፍንጫዬ ‹ሞተሩ ሞቋል› አለኝ» አሉ። «ከሃያ ደቂቃ በፊት ነገረኝ። ዕድሜ ልኬን ሞተር ያሸተትኩ ሰው ነኝ። የሬጂን ጌጅ አየሁ፣ ሰማንያ ይላል። እሱን አመንኩ።»

«አንክል፣ ይቅር...»

«አንክል አትበለኝ።»

ሞተሩ ሲፈታ ስንጥቁ ተገኘ። ጠጉር ያህል ነው፤ ከአንዱ ሲሊንደር አፍ ተነስቶ ወደ ውሃው መሄጃ ይወርዳል። ኦም ሄኒ ከማዕድን የሚያውቁት አንድ ሽማግሌ አለ፤ የተሰነጠቀ ብረት ይሰፋል። አይበይደውም። ስንጥቁን ተከትሎ አንድ በአንድ ይበሳል፣ በየቀዳዳው ብሎን ያስገባል፣ ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ሌላ። ትዕግሥቱን ሳይ ቅናት ያዘኝ።

በየቅዳሜው ኤልዶራዶ ፓርክ ሄጄ አንክል ክላይቭን ማገዝ ጀመርኩ። የጠራኝ የለም፤ ራሴ ነኝ የሄድኩት። መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆመው አዩኝና ገብተው ሄዱ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። ለወራት ቃል አልተነፈሱልኝም። በጣታቸው ዕቃ ያሳዩኛል፣ አጥቤ አቀብላለሁ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከስድብ የዝምታ ቅጣት ይብሳል። ስንት ጊዜ ወጥቼ ልሮጥ አሰብኩ።

ኦም ሄኒ አላባረሩኝም። ከዚያች ቅዳሜ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ድስቱን ምድጃው ላይ አገኘሁት፣ አጠገቡም ወንበር። «ተቀመጥ» አሉኝ። ከመኪናዋ ያወጣነውን ያንን ጌጅ ሦስት ጊዜ አፈላሁት። በሦስተኛው ጊዜ እግሬ ቆመ፤ እውነቴን ነው፣ መርፌውን ብቻ ነበር የማየው።

ከዚያ አዲስ ፊት ጻፍኩ። ያው የቅቤ ቀለም፣ ያው ፊደል፤ ቁጥሮቹ ግን መርፌው ባለበት ናቸው፤ ግራ ዳር ተጨናንቀው፣ ቀኝ በኩል ተራርቀው። ፎቶውን አይመስልም። አዲሱንና የተሳሳተውን ያማረ ፊት ይዤ ሄጄ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። አንክል ክላይቭ አሮጌውን አነሱና ብዙ አዩት። ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከሬጂ ፎቶ በታች፣ በሚስማር ሰቀሉት። ከዚያ አዲሱን እንድገጥመው በጣታቸው ወደ እኔ ገፉት።

ሞተሩ በተነሳ ቀን መኪናዋ ውስጥ ገብተው በጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መቱት። ግባ ማለታቸው ነው። ያንኑ መንገድ ያዝን። ዛንድስፕሩትን እስክናልፍ ቃል አልተናገሩም። ዳገቱ ሲጀምር፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኸው ጠየቁኝ።

«ምን ይላል?»

«ሰማንያ አራት!»

አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡ። ትንሽ ቆይተው እንደገና «ምን ይላል?»

«ዘጠና!»

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ መርፌው ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ግራ ተመለሰ። እሳቸው ሳይጠይቁኝ «ሰማንያ ስድስት ነው፣ አንክል!» ብዬ ጮኽኩ። አምልጦኝ ነው። ምላሴን ነከስኩ።

አንክል ክላይቭ አየሩን እንደገና በአፍንጫቸው ሳቡ። ቆይተው «እኔንም እንደዚያ ነው የሸተተኝ» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

ዳሽቦርድ ለምትሠሩ ሁሉ፣ ከእኔ የሚወሰደው ይኸው ነው፤ መርፌው ሲሞቅ የት እንደሚቆም ሳታዩ ቁጥር አትጻፉ። ስፌቱ አምስት ወር ፈጀ። ድስቱ የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነው።